የዚያ ሐሙስ ዋጋ

ሬሳውን ያገኙት ሲሚንቶ ሊያቦኩ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ አካፋውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ጫማ አየ፤ ጫማው ውስጥ እግር መኖሩን ያስተዋለው ቆይቶ ነው። ቦታው ከቢቸና ከተማ ሰሜን ጫፍ፣ ባሕር ዛፉ ተመንጥሮ አዲስ ቤት ከሚሠራበት ሰፈር፣ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ጥር 25 ቀን 2010 ዓ.ም.።

ኢንስፔክተር የትናየት ስትደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የጥር ጠዋት ብርድ ቢቸና ላይ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ የእሷ የቀኝ ጉልበት ደግሞ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ፖሊስ ከሆነች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወደ ጉድጓዱ ቁልቁል አየችና መውረዱ ሳይሆን መልሶ መውጣቱ አሳሰባት።

«ልያዝዎት፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን አስናቀው። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር የቀረው ሾፌሯም ረዳቷም እሱ ነው።

«ለራስዎም የሚይዝዎት ያስፈልግዎታል፣ ጋሽ አስናቀው» አለችና ወረደች።

ሟቹን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አካለ ወልድ ይባላል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ የአዲስ አበባ የጥናት ድርጅት ቀጥሮት የገበያና የቤት ዋጋ ይሰበስባል። ጤፉን፣ ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የተሸጠውን ቦታ፣ ሁሉንም እየጠየቀ በታብሌት መዝግቦ ይልካል። ሕዝቡ «የዋጋው ልጅ» ይለው ነበር። የሚወደውም ነበር፤ የግብር ሰላይ ነው ብሎ የሚፈራውም ነበር።

የራስ ቅሉ ከኋላ ተመትቷል። ደም የነካው ድንጋይ እዚያው ወድቋል። የታብሌት ቦርሳው ትከሻው ላይ አለ፤ ታብሌቱ ግን የለም። ስልኩና ብሩ ኪሱ ውስጥ ናቸው። የትናየት የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ስትፈትሽ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አገኘች። የአምስት ቦታዎች ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ዋጋ አለ። የመጀመሪያው መስመር 180 ሺህ እና 70 ሺህ ይላል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው፣ በግራ ብዙ በቀኝ ጥቂት።

የሆስፒታሉ ሐኪም ከሰዓት በኋላ ቃሉን ሰጠ። ሰውየው የሞተው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሠራተኞቹ ሲሚንቶ አልቆባቸው አልመጡም ነበር። ሰፈሩም ጭር ብሎ ነው የዋለው።

* * *

በሟቹ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የገባ ነው። የደወለው አቶ ሙሂዲን የሚባል የሞጣ እህል ነጋዴ ነው። ረቡዕ ማታም ይኸው ነጋዴ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ከአካለ ወልድ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ክራቫቱን ሊይዘው ሲቃጣ ያዩ አምስት ምስክሮች ተገኙ። ስድስተኛውም ሊገኝ ነበር፤ ሳጅን አስናቀው «ይበቃል፣ ሟቹ ክራቫት አስሮ አያውቅም» ብሎ መለሰው።

ሆኖም ጭቅጭቁ እውነት ነበር። ሙሂዲን ራሱም አልካደም።

«ባለፈው ክረምት የቀን ገቢ ሲገመት ከአቅሜ በላይ ተቆለለብኝ። ይኼ ልጅ አንዳንድ ሐሙስ ከባልደረባው ጋር ሞጣ እየመጣ ስንት ሸጥክ ሲለኝ ከርሟል። የእሱ ወሬ መስሎኝ ተናገርኩት። ኋላ ግን አስረዳኝ፤ ታርቀን ነው የተለያየነው» አለ። አምሳ ዓመት አልፎታል፤ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል።

«ሐሙስ ጠዋት ለምን ደወሉለት?»

«እዚህ ቢቸና መጋዘን የምሠራበት ቦታ ልገዛ ነበር። ስንት ያወጣል ብዬ ጠየቅኩት። ‹አሁን አይግዙ፣ አቶ ሙሂዲን፣ ዋጋው ላይ የማጣራው ነገር አለ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በአይሱዙዬ ወደ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻዬን ስታገል ቆየሁ።»

«ያየዎት ሰው?»

ሙሂዲን እጆቹን ተመለከተ። «አላህ አይቶኛል» አለ።

የትናየት ይህን መልስ በሥራ ዘመኗ ከንጹሕም ከወንጀለኛም ሰምታዋለች። ቃሉን ጻፈች፣ አስፈረመች፣ አሰረችው። ሰኞ ፍርድ ቤቱ እስከ ዓርብ ድረስ የምርመራ ጊዜ ፈቀደ። ከዓርብ በኋላ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ሰው በመግደል የተከሰሰ ደግሞ ዋስትና የለውም። ሙሂዲን ክሱ እስኪታይ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊቀመጥ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ዑሙሰልማ ምሳ ዕቃ ይዛ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት። አታለቅስም፣ አትለምንም። የትናየት በገባች በወጣች ቁጥር ቀና ብላ «ደኅና ዋሉ» ትላታለች። የትናየት ብትሰድባት ትመርጥ ነበር።

* * *

ወረቀቱ ላይ ያሉት አምስት ቦታዎች ሬሳው ከተገኘበት ጉድጓድ ዙሪያ ናቸው። አንደኛው የእማሆይ ወለተ ገብርኤል ጎጆ ነበር፤ አሁን ጎጆው ፈርሶ አጥሩ ብቻ ቀርቷል። እማሆይ የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በተሰጣቸው አንዲት ክፍል ነው።

«አካለ ወልድ መጥቶ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «‹እማሆይ፣ ስንት ሸጡት?› አለኝ። ሰባ ሺህ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ‹የእርስዎ ቦታ እኮ መቶ ሰማንያ ነው የሚያወጣው፤ እኔ ራሴ ነኝ የመዘገብኩት› አለኝ። አመመኝ። እሱንም አመመው መሰለኝ።»

«ለምን በሰባ ሸጡት ታዲያ?»

«ደላላው ውበቴ የአዲስ አበባ ወረቀት አሳየኝ። ማሽን የተመነው ነው፣ ማሽን ደግሞ አያዳላም አለኝ። እኔ ማሽን ምን ብዬ ልከራከረው?»

ደላላው ውበቴ ተጠርቶ መጣ። አምስቱንም ቦታ ያሻሻጠው እሱ ነው። ገዢዎቹ በአምስት ስም ነው የተዋዋሉት፤ አንዳቸውንም በዓይኑ አላያቸውም።

«በስልክ ነው የሚያዙኝ፣ ኢንስፔክተር። ብሩ ከባንክ ይመጣል።»

«ከየት ባንክ?»

«ከሞጣ ነው።»

ሳጅን አስናቀው ከጎኗ አጉረመረመ። ውጭ ሲወጡ «ሞጣ ያለ፣ ብር ያለው፣ ቢቸና ቦታ የሚፈልግ» ብሎ በጣቶቹ ቆጠረላት። ሦስቱም ጣቶች ሙሂዲን ላይ አረፉ።

የትናየት መኪናው ውስጥ ገባች። ነገሩ ገጥሟል፤ ቶሎ የሚገጥም ነገር ደግሞ ከድሮም አትወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ለመልቀም እንኳ ጎንበስ ማለት እያቃታት ነው።

* * *

ማክሰኞ ወደ ሞጣ ሄዱ። አቧራው በመኪናው መስኮት እየገባ ሁለቱንም ዱቄት ፈጪ አስመሰላቸው። ሊያነጋግሩ የሄዱት ሰማው የሚባለውን የአካለ ወልድን አለቃ ነው። ሰማው የሞጣን ገበያ ራሱ እየመዘገበ የሁለቱን ከተሞች ሥራ ይቆጣጠራል።

ከበሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ከከሰል ሻጭ ጋር ተያይዛለች።

«መቶ ሠላሳ? ይኼ ከሰል ነው ወይስ ወርቅ? ግማሹ እኮ ድቃቂ ነው!»

«እትዬ፣ ከየት ድረስ ተሸክሜው እንደመጣሁ...»

«ተሸክመህ መጣህ እንጂ ተሸክመህ ትመለሳለህ አላልኩህም። ዘጠና።»

ከሰል ሻጩ ማለ፣ ተማጠነ፣ አህያውን አዞረ። ሴትዮዋ አላየችውም፤ ወደ ቤት ልትገባ እግሯን አነሣች። በዘጠና አምስት አራገፈ። ያን ጊዜ ዞራ እንግዶቹን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ «ውይ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» አለች። የሰማው ሚስት ወይንእሸት ናት። የትናየት ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ስትል ጥርሷ ታየ።

ሰማው ሠላሳ አምስት የሚሆን፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ስለ ሟቹ ሲነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ረቡዕ ማታ እንኳ በስልክ አውርተናል።»

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሐሙስማ እዚሁ የገበያ ቀን ነው፤ ስመዘግብ ዋልኩ። አዲስ አበባ ደውለው መጠየቅ ይችላሉ። ታብሌቱ ሰዓቱንም የቆምኩበትንም ቦታ ይልካል።»

«ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለት ዋጋዎችስ ምንድን ናቸው?»

ሰማው ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «አላውቅም። ምናልባት አንዱ የሻጭ፣ አንዱ የገዢ ይሆናል። ቢቸና ላይ ብዙ ቦታ የሚገዛ የሞጣ ነጋዴ አለ ብሎኝ ነበር። ስሙን ግን አልነገረኝም» አለ።

ወይንእሸት ውሃ አምጥታ ሰጠቻቸውና ጥግ ይዛ ቆመች። ባሏ ሲናገር መሬት መሬት ታይ ነበር። የትናየት ያንን አየች፤ የሐዘን መሰላት።

* * *

ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ደወለች። ያገናኟት ኢናስ ከምትባል የመረጃ ተንታኝ ጋር ነው፤ ድምፅዋ የተማሪ ይመስላል።

«እኛ የምንሠራው ቢግ ዳታ ነው» አለች ኢናስ። «ከመቶ አርባ ገበያ በየሳምንቱ ዋጋ ይገባል። እስካሁን ከሦስት ሚሊዮን በላይ መዝገብ አለን። የሰው ዓይን ሊያየው የማይችለውን ማሽኑ አገናኝቶ ያያል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቤት ዋጋው የሚንርበትን ሰፈር በካርታ ላይ በቀይ ያወጣል። ባንኮችና ቤት ሠሪዎች ካርታውን ይገዙናል።»

«የቢቸና ሰሜን ጫፍ ቀይ ነው?»

ኢናስ ቁልፍ ስትነካ ተሰማ። «ባለፈው ዓመት ደማቅ ቀይ ነበር። አሁን ጠፍቷል። ዋጋው ወርዷል።»

የትናየት የወረቀቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበችላት። በቀኝ በኩል ያሉት ሁሉ በማሽኑ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። በግራ ያሉት የሉም።

«ግራዎቹ የአካለ ወልድ ናቸው» አለች የትናየት። «በጁ የመዘገባቸው። አንድ ሰው ቀይሮበታል። ማን መቀየር ይችላል?»

«ማረም የሚችለው የሁለቱ ከተሞች ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። አቶ ሰማው።» ኢናስ እንደገና ቁልፍ ነካች። «ግን ሐሙስ ሞጣ ነበር። እያየሁት ነው። ከሁለት ሰዓት ከአርባ እስከ አምስት ከአምሳ ድረስ ሠላሳ ሁለት ዋጋ ልኳል፣ ሁሉም ከሞጣ ገበያ። ማሽን አይዋሽም።»

ቴሌም ያንኑ አለ፤ የሰማው ስልክ ሐሙስ ሙሉ ቀን ሞጣ ነበር የዋለው። ሞጣ የነበረ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ቢቸና ሰው አይገድልም። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

ኮማንደር ገብረ ኪዳን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ብቅ አለ። የጣቢያው አዛዥ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሪፖርት የሚጠየቅ ሰው እንጂ።

«የትናየት፣ የነጋዴው መዝገብ ነገ ማታ ለዐቃቤ ሕግ ይለቅ» አለ።

«አንድ ነገር አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

«ጭቅጭቅ አለ፣ ጥሪ አለ፣ ምክንያት አለ፣ የነበረበትን የሚመሰክርለት የለም። ሌላ ምን ይግባሽ?»

ኮማንደሩ ሲወጣ ከበሩ ውጭ የዑሙሰልማ ድምፅ «ደኅና ዋሉ» ሲል ተሰማ። የትናየት ያኔ በጣም ደከማት። ወንበሩ ላይ ሆና ጫማዋን አወለቀች፣ ጉልበቷን አሸች። አንድ ንጹሕ ሰው በእጇ እንደ ያዘች ታውቃለች፤ ማወቅ ግን በመዝገብ አይያያዝም።

ስልኩን መልሳ አነሣች።

«ኢናስ፣ እህቴ፣ ይቅርታ። የዚያን ሐሙስ የሞጣን ዋጋ ሁሉ አንብቢልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ካለፈው ሳምንት ጋር እያስተያየሽ።»

ኢናስ ማንበብ ጀመረች። ሽንኩርት ቀንሷል። ምስር ቀንሷል። ዶሮ መቶ ሰባ የነበረው መቶ አርባ አምስት። ቅቤ በኪሎ ሁለት መቶ ሃያ የነበረው መቶ ዘጠና።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች የትናየት። «ቅቤ ወረደ?»

«አዎ። የሚገርመው ደጀንም ሉማሜም አማኑኤልም ሁሉም ጋ ጨምሯል። ሞጣ ብቻ ወርዷል። ማሽኑ አስጠንቅቆን ነበር። እኔም አዲስ ምርት ገብቷል ብዬ በሪፖርቱ ላይ አብራርቼዋለሁ።»

«ያን ሐሙስ እኮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ዐሥር ቀን ነበር የቀረው። በቅበላ ሰሞን ቅቤና ዶሮ ሲረክስ የት አይተሻል?»

ሦስት ሚሊዮን መዝገብ ውስጥ ቅበላ የሚባል ሣጥን አልነበረም።

«ከዚያ በፊትስ የሰማው ዋጋ እንዴት ነው?»

«ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌላው ሁሉ ትንሽ ይበልጣል። ወርዶ ያየሁት ያን ሐሙስ ብቻ ነው።»

«የከብቱስ?»

«የከብቱ... ይኼ ደግሞ ሌላ ነው። በሬው፣ ወይፈኑ፣ ላሟ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ብር ለብር አንድ ናቸው። አቶ ሰማው ሁልጊዜ የከብት ገበያው መሃል ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ያን ቀን ግን ቦታው የሚያሳየው ከአጥሩ ውጭ ነው። አልገባም።»

የትናየት ዓይን ላይ የመጣው ከሰል የጫነ አህያ ነበር።

«ጋሽ አስናቀው!» ብላ ተጣራች። «ነገ በጠዋት ሞጣ እንሄዳለን።»

ሳጅኑ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ማሽኑ ምን አለ?»

«ማሽኑ ገበያው ወረደ ይላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ይኼ የናንተ ማሽን» አለና መኪናውን ሊያጥብ ሄደ።

* * *

ሐሙስ ሞጣ በሰውና በአህያ ተሞልታለች። የትናየት ሰማው ገበያ ውስጥ መሆኑን በዓይኗ ካረጋገጠች በኋላ ሳጅኑን እዚያው ትታ ብቻዋን ወደ ቤቱ ሄደች። ወይንእሸት ምስር እየለቀመች ነበር። ቦታ ለቀቀችላት፤ የትናየትም ከጎኗ ተቀምጣ ከሰፌዱ ጠጠር ማውጣት ጀመረች። ሥራዋን ትጠላው የነበረው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

«ለቅበላ ቅቤ ልገዛ ብዬ ነበር» አለች። «ሁለት መቶ ሠላሳ ይሉኛል።»

«ኧረ ምን ሲሆን!» አለች ወይንእሸት። «መልክዎን አይተው ነው። እኔ ባለፈው ሐሙስ ወደ መቶ ዘጠና አስወርጃለሁ።»

«መቶ ዘጠና? የት ተገኝቶ?»

«ቅቤ ይዘው ከየቦቅላ ከሚመጡት ሰዎች። ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብለው ነው የጀመሩት። ትቼ ስሄድ ነው የጠሩኝ። ዶሮውንም መቶ ሰባ አምስት ያሉትን በመቶ አርባ አምስት ጨርሻለሁ። ሽንኩርቱንም፣ ምስሩንም። አንዱንም በተጠራው አልተውኩላቸውም።» ፊቷ በርቷል። እንዲህ ያለ ሙያዋን የሚያደንቅላት ብዙ ሰው እንዳላገኘች ያስታውቃል።

«ይኼን ሁሉ ገዛሽው?»

«አይ፣ ለመ...» ወይንእሸት ቆመች። እጇ ምስሩ ውስጥ ቀረ።

«ለመመዝገብ» አለች የትናየት ቀስ ብላ። «ታብሌቱ ላይ።»

ውጭ አህያ አናፋ።

«ለቢሮው አይንገሩብን» አለች በመጨረሻ። «ኩላሊቱን ታሞ ባሕር ዳር ሊታይ ሄዶ ነው። ቀረ ካሉት ከሥራ ያስወጡታል ብሎ ስልኩንም ታብሌቱንም ለእኔ ተወልኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው። የከብቱን ግን እዚያ የወንድ ግፊያ ውስጥ ልገባ አልቻልኩም፤ ያለፈውን ገለበጥኩት። እሱ ሲመለስ ተቆጣኝ።»

«በከብቱ?»

«በሁሉም። ‹ዝም ብለሽ ያሉሽን ጻፊ አላልኩሽም?› አለኝ። የተጠራ ዋጋ እኮ ዋጋ አይደለም፣ እትዬ። እንዴት አድርጌ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብዬ እጽፋለሁ? ሰው ቢያየው ምን ይለኛል?»

የትናየት ከሁለት ዓመት ወዲህ የሰማው ዋጋ ለምን ከፍ ይል እንደነበር አሁን ሙሉ በሙሉ ገባት። እሱ ያሉትን ይጽፋል። ሚስቱ የጨረሰችውን ጻፈች። ገበያው አልወረደም ነበር።

«ከባሕር ዳር ምን ይዞ መጣ?» አለች።

«ምንም። መድኃኒት እንኳ አልሰጡትም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገባ። ቦርሳውን ራሱ ከጤፉ ማዳበሪያ ሥር አስገባው፣ አትንኪው አለኝ።» ከዚያ ቀና ብላ የትናየትን ፊት አየችው። የሞተውን ልጅ ያን ጊዜ አስባው መሆን አለበት፤ ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራቶ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ።

* * *

ሰማውን ያገኙት ከሽንኩርት ተራ ነው። «ስንት ነው?» ሲል፣ ሻጯ «ዐሥራ ስድስት» ስትል፣ እሱም ዐሥራ ስድስት ብሎ ሲጽፍ የትናየት ከኋላው ቆማ አየችው። ሳጅን አስናቀው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሰማው ዞሮ ሲያያት ሊሮጥ አልሞከረም።

«ማሽኑ ነው የተናገረው?» አለ።

«ማሽኑማ ላንተ ነው የመሰከረው» አለችው።

ከማዳበሪያው ሥር የወጣው የአካለ ወልድ ታብሌት ነው። ሰማው መኪናው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ተናገረ፤ እንደ ሪፖርት፣ በቅደም ተከተል። ካርታው ላይ ቀዩን ያየው ባለፈው ዓመት ነው። ቀዩ እንዲጠፋ ዋጋውን ዝቅ አደረገው፤ ሌላ ገዢ አልመጣም፤ ዝቅ ያለውን ዋጋ በወረቀት አሳትሞ በደላላው በኩል ለባለቤቶቹ አሳየ፤ በአምስት ስም ገዛ። አካለ ወልድ ደረሰበት። ረቡዕ ማታ ደውሎ «ና፣ ቦታው ላይ ቆመን እንነጋገር፤ ለእማሆይ ልዩነቱን መልስላቸው፣ እኔም ዝም እላለሁ» አለው።

«መመለስ እችል ነበር» አለ ሰማው። «እሱ ወረቀቱን እያሳየኝ ፊቱን ሲያዞር ነው... ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደያዝኩት አላውቅም።»

«ስልክህን ሞጣ ትተህ የመጣኸውስ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው የትናየት።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሙሂዲን ተለቀቀ። ቀበቶውንና ስልኩን እየተረከበ ሳለ የትናየት ከፊቱ ቆመች።

«ተሳስቻለሁ፣ አቶ ሙሂዲን። ይቅር ይበሉኝ።»

ሙሂዲን መጀመሪያ ቀበቶውን አጠበቀ። «ግብሩንም በሩቅ ሆነው ተመኑብኝ፣ ወንጀሉንም በሩቅ ሆነው ተመኑብኝ» አለ። «ቀርቦ የሚጠይቅ ጠፋ። እርስዎ ግን ዘግይተውም ቢሆን ጠየቁ። አላህ ይስጥዎ።» ዑሙሰልማ ምሳ ዕቃውን ታቅፋ ከአባቷ ጋር ወጣች። በዚህኛው ቀን «ደኅና ዋሉ» አላለችም፤ ረስታው ነው።

የትናየት መዝገቡን ጨርሳ ስትወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከበሩ ላይ፣ ዑሙሰልማ ስትቆምበት በከረመችው ቦታ፣ ሌላ ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። ወይንእሸት ናት። ከሞጣ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥታ፣ ነጠላዋ በአቧራ ቀልቶ፣ ዓይኗ አብጦ።

«እትዬ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ።»

«እንዳሉኝ ብጽፈው ኖሮ... ሁለት መቶ ሃያ አምስቱን፣ መቶ ሰባ አምስቱን... ሳልከራከር ዝም ብዬ ብጽፈው ኖሮ፣ አይታወቅም ነበር?»

የትናየትን ጉልበቷን ሳይሆን ደረቷን ነው ያመማት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ልትላት አሰበች፤ አፏ ላይ አልመጣላትም።

«ይታወቅ ነበር» አለቻት።

ውሸቷን ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ምስክር ለማጽናናት ብላ የዋሸችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ወይንእሸት ግን አመነቻት፤ ትከሻዋ ትንሽ ላላ አለ። የትናየት ምሳ ዕቃውን ተቀብላት በሩን በራሷ እጅ ከፈተችና ይዛላት ገባች።